ሕግ ያለው ዱር

በስኮትላንድ ደጋማው አገር መግቢያ ላይ አበርፎይል የምትባል መንደር አለች። ሮበርት ከርክ የዚች መንደር ሰባኪ ነበር። የተማረ ሰው ነው፤ መዝሙረ ዳዊትን ወደ ጌሊክ ቋንቋ መልሶ በ1684 አሳትሟል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለንደን ውስጥ የጌሊክ መጽሐፍ ቅዱስ ሲታተም ሥራውን የተከታተለውም እሱ ነው። ይኸው የመጽሐፍ ሰው ታዲያ ሌላም ጉዳይ ነበረው። ምእመናኑ ከየኮረብታው ሥር ይኖራሉ ስለሚሏቸው ስውር ሕዝቦች የሚያወሩትን እየሰበሰበ ይጽፍ ነበር። አልቀለደባቸውም፤ እንደ አገር አጥኚ ነው የመዘገባቸው። ተፈጥሯቸው በሰውና በመልአክ መካከል ነው፣ ገላቸው የረጋ ደመና ይመስላል፣ በደንብ የሚታዩት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው፣ ዓመቱ ሩብ በሞላ ቁጥር ቤት ይቀይራሉ እያለ።

በ1692 ግንቦት ላይ ከርክ ከቤቱ አጠገብ ባለው ዱን ሂል በሚባል ኮረብታ ሲንሸራሸር ወድቆ ሞተ። ተቀበረም። የመንደሩ ሰው ግን ሞቱን አልተቀበለም። እንደ ወሬው ከሆነ ሟቹ ለአንድ ዘመዱ ታይቶ፣ አለመሞቱንና በኮረብታው ሕዝቦች መያዙን ነገረው። ልጁ ክርስትና በሚነሳበት ዕለት ተመልሶ እንደሚታይ፣ በዚያች ቅጽበት ዘመዱ ጩቤ በከርክ ራስ ላይ አሳልፎ ከወረወረ እንደሚለቀቅም አስታወቀው። የተባለው ቀን ደረሰ፣ ከርክም ታየ ይላሉ። ዘመዱ ጩቤውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዋልተር ስኮት የከርክን ጽሑፍ በ1815 አሳተመው፤ ኮረብታው ላይ ያለው ጥድ ሥር ዛሬም ድረስ ሰዎች የምኞት ብጣሽ ጨርቅ ያስራሉ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ስለ አንድ ጨዋታ ልጽፍ ስለሆነ ነው። ከኮረብታው በታች ያለው አገር አሁን ፌይዋይልድ ይባላል፤ የሚገባበትም በዳይስ ነው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አምስት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ዳንጀን ማስተር ነው፤ ዓለሙን ይተርካል፣ በመንገድ የሚገጥመውን ሰውና አውሬ ሁሉ ሆኖ ይናገራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ 20 ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፣ ታሪኩ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይቀጥላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይህን ነገር በ1974 ሲያወጡ መጀመሪያ የታተመው 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። ሁለቱም በአሻንጉሊት ወታደር የጦር ሜዳ ጨዋታ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ጨዋታቸውም የእናቱን መልክ ይዞ ተወለደ። ዛሬም የተጫዋቾቹን መጽሐፍ ብታገላብጡት ስለ መምታት፣ ስለ መሳትና ስለ ቁስል የተጻፈው ስለ መነጋገር ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል።

የጨዋታው ዓለም ከመጀመሪያው ጀምሮ የጫካ ፍጥረታት አልጠፉበትም። ፒክሲ አለ፣ ከዛፍ ጋር የምትኖርና የምትሞት ድራያድ አለች። ነገር ግን አገር አልነበራቸውም፤ በአውሬዎች መዝገብ ውስጥ ተበታትነው እንደ ማንኛውም የሚገደል ነገር ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። በ2001 የወጣ አንድ መጽሐፍ የፌሪዎች (ጨዋታው ፌይ የሚላቸው ስውር ፍጥረታት) ዓለም የሚባል ነገር ለፈለገ ሰው በአማራጭነት አቀረበ። ሙሉ አገር ያገኙት በ2008 ነው። ያን ጊዜ የወጣው አራተኛው እትም የሰማዩንና የምድሩን ካርታ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ከሰዎች ዓለም ግራና ቀኝ ሁለት ጥላ አገሮችን አቆመ። አንደኛው ሻዶውፌል፣ የሞትና የድብርት ምድር። ሌላኛው ፌይዋይልድ፣ ሕይወት ከልክ በላይ የሞላበት ምድር።

ከልክ በላይ የሚለው ላይ ነው ነገሩ። ፌይዋይልድ የኛው ዓለም የገደል ማሚቶ ነው፤ የምናውቀው ወንዝና ተራራ እዚያም አለ፣ ግን ተጋንኖ። የ2014ቱ የዳንጀን ማስተር መጽሐፍ ምሳሌ ይሰጣል፤ እዚህ እሳተ ገሞራ ባለበት ቦታ፣ እዚያ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሚያካክል ክሪስታል ጫፉ ላይ የተተከለበትና ከውስጡ እሳት የሚያበራ ተራራ ይቆማል። እዚህ ጭቃማ የሆነው ወንዝ እዚያ ጥርት ብሎ ይጠማዘዛል። እዚህ ረግረግ የሆነው ግን እዚያ ጥቁር፣ ሰፊና ክፉ ነገር የሚያስብ የሚመስል ማጥ ነው። መልካሙ ሲጋነን ክፉውም አብሮ ይጋነናል። መግቢያውም በር አይመስልም። ጫካ መሃል ያለ ገላጣ፣ ነፋስ የማይነካው ኩሬ፣ የእንጉዳይ ክብ፤ መንገደኛው ውበቱ ደስ ብሎት ሁለት እርምጃ ሲቀርብ አገር ተለውጧል።

የአገሩ ገዦች አርክፌይ ይባላሉ። የበጋው ቤተ መንግሥት አለ፣ የጨለማውም አለ፤ የሁለቱ ጠብ ግን የደግና የክፉ ጠብ አይደለም። የበጋዋ ንግሥት ስትስቅ አበባ ያብባል፣ ስትቆጣ አዝመራ ይቃጠላል፤ በዚያ ቀን በየትኛው ስሜቷ እንዳለች ለማወቅ እድል ያሻል። ኤላድሪን የሚባሉት ኤልፎች ደግሞ በ2018 በወጣው መጽሐፍ መሠረት ልባቸው ሲለወጥ መልካቸውም ከወቅት ወደ ወቅት ይለወጣል፤ ያዘነ ኤላድሪን ክረምት ለብሶ ይመጣል። ከመሬት በታች ፎሞሪያን የሚባሉ ገጻቸው የተጣመመ ግዙፎች ይነግሣሉ፤ እነሱ ከአየርላንድ አፈ ታሪክ የመጡ ናቸው።

ብዙ ዳንጀን ማስተሮች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አበባውን፣ የሚያወራውን ጥንቸል፣ ሐምራዊውን ሰማይ እየቀባቡ ሁለት ሰዓት ይተርኩና ተጫዋቾቹ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ውበት ብቻውን ጨዋታ አይሆንም። ፌይዋይልድን ፌይዋይልድ የሚያደርገው መልኩ አይደለም፣ ሕጉ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ልቅ የሆነ፣ ማንም እንዳሻው የሚሆንበት ምድር ይመስለዋል። እኔ ጨዋታው ካሉት ዓለማት ሁሉ እንደዚህ በሕግ የታሰረ አላየሁም።

ይህንን በደንብ ያየሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ቅዳሜ ማታ የአንድ አፓርታማ ሳሎን ተቀምጬ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቆሎ ሳህን፣ እርሳስ፣ ባለብዙ ቀለም ዳይስ። የምትመራው ወጣት ነርስ ናት። ተዋጊውን የያዘው ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው የታክሲ ሹፌር ነው። የአክስቷ ልጅ አዝማሪውን ይጫወታል፤ ባርድ የሚባለውን ድርሻ እነሱ አዝማሪ ነው የሚሉት፣ እኔም ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። አብራት የምትኖረው ልጅ ድሩይድ፣ ማለትም የዱር አስማተኛ፣ ናት።

«ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል» አለች መሪዋ። «ከዛፉ ቅርንጫፎች አንዱ አብቧል፣ አንዱ አፍርቷል፣ አንዱ ቅጠሉን እያራገፈ ነው፣ አንዱ ላይ አመዳይ ወርዷል። ሽማግሌው ብርሌ አንስተው ‹ኑ ልጆቼ፣ ደክሟችኋል፣ አንዳንድ ቅመሱ› ይሏችኋል።»

«ሰይፌን እመዛለሁ» አለ ጋሼ።

«ኧረ ጋሼ ይተዉ! ሰውዬው እኮ ጠጅ ነው የያዙት» አለ አዝማሪው።

ድሩይዷ ደንግጣለች። «እንዳትጠጡ። እዚህ አገር የቀመሰ አይወጣም።»

«እምቢ ካላችሁ ደግሞ» አለች መሪዋ ቆሎዋን እየቆረጠመች «የእንግዳ ተቀባይን እጅ መለሳችሁ ማለት ነው። ሽማግሌው ብርሌውን እንደዘረጉ እየጠበቁ ነው።»

ጸጥታ ሆነ። መጠጣት ወጥመድ፣ አለመጠጣት ስድብ። ጋሼ ጥቂት አሰበና ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ጾም ላይ ነኝ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መሪዋ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። «ሽማግሌው ብርሌውን አስቀመጡ። ‹የጾመ ሰው አይገደድም› አሉ። ‹መቼ ነው የምትፈታው?›»

«ከዚህ አገር ስንወጣ» አለ ጋሼ ሳያስብ።

«‹ይሁን። ቃልህን ተቀብያለሁ።›»

ሌሎቹም ጾመኛ መሆን አማራቸው፤ ግን ድሩይዷ ቀድማ ገብቷት ነበርና እጇን አውለበለበች። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በጨዋታው ማታ ሆኖ ሁሉም ከየስልቻው ደረቅ ስንቁን ሲያወጣ፣ ጋሼም ብስኩት አወጣ።

«እጅዎ ብስኩቱን ይዟል፣ አፍዎ ግን አልከፈትም አለ» አለችው መሪዋ።

«እንዴ! ምን አድርጌ?»

«ጾም ላይ ነዎታ።»

እዚህ ላይ የተራ ቀልድ ዋጋ በቁጥር ይመጣል። በ2014ቱ ደንብ አንድ ሰው ያለ ምግብ መቆየት የሚችለው ሦስት ቀን ሲደመር የሰውነት ጥንካሬው የሚሰጠው ጭማሪ ያህል ነው። ጋሼ ጠንካራ ስለሆነ አምስት ቀን ደረሰው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ሲያልቅ አንድ ደረጃ ድካም ይጨመርበታል፤ ስድስተኛው ደረጃ ሞት ነው። ሽማግሌው አልተዋጉትም፣ አልረገሙትም፣ አላታለሉትምም። የተናገረውን አመኑት፤ ያ በቃ።

ይህች መሪ ደንቡን ከራሷ አላመነጨችም። ከአውሮፓ ሰሜን ምዕራብ የመጣው ተረት ሁሉ በዚህ ዓይነት ውል የተሞላ ነው። የእርሴልዱኑ ቶማስ የኤልፎችን ንግሥት ተከትሎ ሰባት ዓመት ቆይቷል፤ በሄደበት አገር አፉን እንዳይከፍት ተነግሮት ነበር። አየርላንዳዊው ኦሺን ሞት ከማያውቀው ምድር ናፍቆት ወደ አገሩ ሲመለስ የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ከፈረስህ አትውረድ። ወረደ። ሦስት መቶ ዓመቱ በአንዴ ተጫነው። ልብ በሉ፣ ከነዚህ አንዱም በጦር አልተሸነፈም።

ይህ ሁሉ ወደ ጨዋታው የገባው በልብ ወለድ በኩል ነው። ጋይጋክስ በ1979 ባሳተመው የዳንጀን ማስተር መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያነቃቁትን ደራሲዎች ዘርዝሯል። ከነሱ ውስጥ ፖል አንደርሰን አለ፤ ቆርጠው ቢጥሉት መልሶ የሚገጣጠመው የጨዋታው ትሮል የተወሰደው ከእሱ መጽሐፍ ነው። ሎርድ ደንሰኒም አለ። እሱ በ1924 ባወጣው የኤልፍላንድ ንጉሥ ልጅ ልብ ወለድ፣ የዚያ አገር ድንበር የምሽት ብርሃን ግድግዳ ነው፤ አንዳንዴም ድንበሩ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። ካርታ መሥራት ለሚወድ ተጫዋች ከዚህ የበለጠ ስድብ የለም። ጋይጋክስ ራሱም በ1983 አሊስ ስለምትባል ልጅ የሚተርከውን ዝነኛ የልጆች ልብ ወለድ ይዞ ሁለት የጀብዱ መጻሕፍት ጽፏል፤ ሎጂኩ የተገለበጠ ዓለም ውስጥ ጀግኖቹን ለማስገባት።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በአይስላንድ ስለ ስውሩ ሕዝብ አመጣጥ የሚነገር ተረት አለ፤ እግዚአብሔር ሔዋንን ሊጎበኛት ሲመጣ ገላቸውን ያላጠበቻቸውን ልጆቿን አፍራ ደበቀቻቸው፣ እሱም ከኔ የተሸሸገ ከሰው ይሸሸግ አለ። በኛም አገር ስለ ዛሮች አመጣጥ የሚተረተው ይኸው ነው፤ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን 15ቱን ደበቀች፣ የተደበቁት ተደብቀው ቀሩ። እዚያ የተሸሸጉት ያደፉት ናቸው፣ እዚህ ያማሩት። ተረቱ በየት ዞሮ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ለተመራማሪ እተወዋለሁ። ለዳንጀን ማስተር ግን ወርቅ ነው፤ ፌዮቹ ወንድሞቻችን ከሆኑ ጠባችን የውርስ ጠብ ነው፣ የውርስ ጠብ ደግሞ ለኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

ወደ ደንቡ ልመለስ። የ2014ቱ የዳንጀን ማስተር መጽሐፍ ለፌይዋይልድ ሁለት አማራጭ ሕጎች ይሰጣል። የመጀመሪያው መርሳት ነው። ከአገሩ የሚወጣ ሰው በጥበቡ ዳይስ ጥሎ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ ካቃተው እዚያ ያየውን በሙሉ ይረሳል። የፌይ ደም ያለበት ኤልፍ ግን አይመለከተውም። እንደ ተረት ግሩም ነው፣ እንደ ጨዋታ ግን አልወደውም። ተጫዋቹ ለሁለት ወር ቅዳሜን ሰውቶ የተጫወተውን ገጸ ባሕርይው ረሳው ስትሉት፣ እሱ ራሱ አልረሳምና መዋሸት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የውሸት መገረም ነው።

ሁለተኛው የጊዜ መዛነፍ ነው፤ ይህኛው በጣም ይሻላል። ሲወጡ 20 ገጽ ያለው ዳይስ አንዴ ይጣላል። 1 ወይም 2 ከመጣ እዚያ ያሳለፏቸው ቀናት እዚህ ደቂቃዎች ናቸው። ከ3 እስከ 6 ሰዓታት ይሆናሉ። ከ7 እስከ 13 ምንም ለውጥ የለም። ከ14 እስከ 17 ቀናቱ ሳምንታት፣ 18 እና 19 ወራት፣ 20 ከመጣ ደግሞ ዓመታት ይሆናሉ። ባለጉዳዩ የሚያሸንፍበትም የሚሸነፍበትም እድል አለ፤ ተስፋና ፍርሃት በአንድ ውርወራ።

ችግሩ ዳይሱ ታሪክ አያውቅም። የጨለማው ጳጳስ ከተማዋን የሚያቃጥለው በአሥር ቀን ውስጥ ነው ብላችሁ ከሆነ፣ 20 ከመጣ ከተማዋም ጳጳሱም የሉም፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። ስለዚህ ልምድ ያለው መሪ ውጤቱን አስቀድሞ ይወስናል፣ ወይም ዳይሱን የሚያስጥለው ስድስቱንም መልስ መሸከም የሚችል ታሪክ ሲኖረው ብቻ ነው። ደግሞም ቁጥር ብቻውን አያስደነግጥም። «ስድሳ ዓመት አለፈ» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ማንም አይንቀጠቀጥም።

እንዴት እንደሚነገር ለማወቅ ተረፈ ባሮክን ያነበበ ሰው ሩቅ አይሄድም። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ሲነቃ እንቅልፍ ያልጠገበ መሰለው፣ ራሱም ከብዶታል። ኢየሩሳሌም ሲደርስ ከተማዋ አልታወቅ አለችው፤ መንገዱን የሳተ መስሎት ወጥቶ እንደገና ገባ። ያለፈው 66 ዓመት ነው። በመሶቡ ያለው በለስ ግን ገና ወተቱ ይንጠባጠባል። ዓመቱን ከሚቆጥርልን ሰው ይልቅ ያ በለስ ነው የሚያስደነግጠው። ጥሩ ዳንጀን ማስተርም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ በተጫዋቹ ስልቻ ውስጥ ያለውን ዳቦ ትኩስነት ይነግረውና ከዚያ የሚያውቀውን ቤት በር አንዲት የማያውቃት አሮጊት ትከፍትለታለች። ቁጥሩን ራሱ ይደርስበታል።

የፌይዋይልድን ሕግ በጽሑፍ አሳምሮ ያስቀመጠው በመስከረም 2021 የወጣው የዊችላይት ጀብዱ ነው፤ ዋና ነዳፊው ክሪስቶፈር ፐርኪንስ። (ሊጫወተው ያሰበ ሰው ይህንና ቀጣዩን አንቀጽ ይዝለል።) ታሪኩ በየስምንት ዓመቱ በሚመጣ ካርኒቫል ይጀምራል። አንዱ የአጀማመር መንገድ ተጫዋቾቹ ልጅ ሆነው ካርኒቫሉ ውስጥ አንዳንድ ነገር እንደጠፋባቸው ያደርጋል። የጠፋው ግን ኮረጆ ወይም ቀለበት አይደለም፤ አንዱ ፈገግ ማለት፣ አንዱ አቅጣጫ መለየት ጠፍቶበታል። ያንን ፍለጋ ፕሪዝሚር ወደምትባል የፌይ ግዛት ይገባሉ። ግዛቷን ዚቢልና የምትባል አርክፌይ ትገዛት ነበር፤ አሁን ሦስት አሮጊት ጠንቋይ እህትማማቾች ለሦስት ተካፍለዋታል። አንዷ ውኃ በዋጠው ረግረግ፣ አንዷ በጫካ፣ አንዷ መብረቅ በማያቋርጥበት ተራራ።

የጫካዋ ስካባታ ጀርባዋ ላይ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ቁልፍ አለ፤ የአሻንጉሊት መሥሪያ አላት፣ ሠራተኞቿም ሕፃናት ናቸው። የተራራዋ ኤንደሊን ትያትር ቤት አላት፤ የወደፊቱን ስለምታይ ሁሉን ነገር እንደ ተጻፈ ድርሰት ነው የምትመለከተው። እነዚህ ጭራቆች አይደሉም፣ ውል ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው። መጽሐፉ በፌይዋይልድ የሚሠሩ ሦስት ደንቦችን ያስቀምጣል፦ የእንግድነት፣ የንብረትና የብድር መመለስ። የተጠለለ በአግባቡ ይኑር፤ የሰው ነገር አይነካ፤ ስጦታ የተቀበለ ተመጣጣኙን ይመልስ። የሚገርመው፣ ይህ ሙሉ ጀብዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰይፍ ሳይመዘዝ ሊጠናቀቅ የሚችል ሆኖ ነው የተጻፈው። ከጦር ሜዳ ጨዋታ ለተወለደ ነገር ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ዊችላይት አንዳንድ ቦታ ጣፋጭነቱ ይበዛል፤ ከርክን የወሰደው ኮረብታ እንዲህ አይሳሳቅም ነበር። መራራውን የሚፈልግ ሌላ ጨዋታ ይሞክር። ከ1987 ጀምሮ ያለው አርስ ማጂካ ፌሪዎችን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከቤተ ክርስቲያንና ከአጋንንት ጎን አቁሟቸዋል። በ1995 የወጣው ቼንጅሊንግ ፌዮቹን በዘመናችን ከተማ ውስጥ፣ በሰው ገላ ያሳድራቸዋል። ፓዝፋይንደር ደግሞ የፌዮቹ ዓለም አማልክት የሰዎችን ዓለም ከመሥራታቸው በፊት የሞከሩበት ረቂቅ ነው ይላል፤ በኔ ግምት ይህ ከሁሉም የተሻለ ሐሳብ ነው፣ ምክንያቱም ረቂቅ ላይ የተሰረዘ ነገር ሁሉ እዚያ ቀርቶ ይኖራል ማለት ነው።

ሕግ የበዛበት አገር ግን መሪውን ራሱን ያበላሻል። ተጫዋች በተናገረ ቁጥር «ያዝኩህ!» ማለት የጀመረ መሪ ሁለት ሳምንት ውስጥ የሚናገር ሰው አይቀርለትም፤ ሁሉም እንደ ምስክር ቃሉን እየመጠነ ይቀመጣል። የሲልቨር ስፕሪንጓ መሪ ለዚህ መላ አላት። ገና ወደ ፌይዋይልድ ከመግባታቸው በፊት አንዲት የመንደር ባልቴት ሆና ሕጎቹን በሙሉ ነግራቸዋለች፤ ምግብን፣ ስጦታን፣ ቃልን። ጋሼ ያኔ ሰይፉን እየሳለ ነበር፤ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ሌላም ነገር ታደርጋለች። ፌዮች የሰውን ልብ በአስማት ይማርካሉና፣ እስከ ምን ድረስ ቀልድ እንደሚሆን፣ ምን ጨርሶ እንደማይነካ ጨዋታው ሳይጀመር ተነጋግረው ተስማምተዋል። ተጫዋቾች ይህን ስብሰባ ሴሽን ዜሮ ይሉታል።

ደብተሯን አየሁት። በአንድ ገጽ የሁሉም ስም፣ ከየስሙ ሥር ያለበት ዕዳ። አዝማሪው ለአንዲት የወንዝ ፌይ የሚቀጥለውን ሳቁን ሸጧል፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ሳቅ ሲመጣበት አፉን በትራስ ይይዛል፣ ማንም አላስገደደውም። ድሩይዷ ለአንድ ጉጉት «አንድ ጥያቄ በእውነት እመልስልሃለሁ» ብላ ጥያቄው ገና አልመጣም። ከጋሼ ስም ሥር ጾም፣ ከጎኑ አምስት የእርሳስ ጭረት። ስድስተኛውን ስትጨምር አየኋት፤ የመጀመሪያው ድካም ነበር።

በስድስተኛው ቀን መውጫውን አገኙት፤ ሁለት ፏፏቴዎች የሚገናኙበት ቦታ። መሪዋ ዳይሱን ለድሩይዷ ሰጠቻት። 15 መጣ። ስድስቱ ቀናት ስድስት ሳምንታት ሆኑ። እሷ ታዲያ «ስድስት ሳምንት» አላለችም። ሲገቡ ቡቃያ የነበረው ማሳ መታጨዱን፣ መንገዱ ዳር ነዶ መቆለሉን ብቻ ነገረቻቸው። ጋሼ ቀጥ ብሎ ማደሪያ ቤቱ ገብቶ ምግብ አዘዘ። አዝማሪው ነው ያስታወሰው።

«በቅሎዎቹ!»

ሁለት በቅሎ ለሦስት ቀን ብለው ለማደሪያ ቤቱ ባለቤት አደራ ሰጥተው ነበር። ሰውየው አጎንብሶ ወጣ። አንደኛይቱን የሁለቱን ገለባ ለመክፈል እንደሸጣት፣ ሁለተኛይቱ ደግሞ ለአጨዳ ተከራይታ ቆላ እንደወረደች ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭቅጭቅ በአንድ ሰዓት አልጨረሱትም። ድሩይዷ ሰውየው የተጠየቀውን አደራ ከቀኑ አሳልፎ ስለያዘ ጥፋት የለበትም ትላለች። አዝማሪው በሸጣት በቅሎ ዋጋ ላይ የኪራዩ ገንዘብ ታስቦ የሚተርፈው ይመለስልን ባይ ነው። መሪዋ የመንደሩን ሽማግሌዎች ልትጠራ ደብተሯን ገለበጠች። ጋሼ ጉርሻውን ሳይውጥ ሰይፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «በመጀመሪያ» አለ «ገለባውን በስንት እንደገዛው ይንገረኝ።»